ቆማ የተገኘችው እናት

«እንቅልፍ እንዴት ነበር ሙሽራዬ? አልጋው አላስቸገረሽም? የድሮ አልጋ ነው፤ ሲገላበጡበት ይጮኻል። ዝም ሲል ጊዜ እኔማ፣ እሰይ ተመችቷቸዋል አልኩ... ወይስ ሁለታችሁም ሳትገላበጡ ነው ያደራችሁት?»

ሐኪሙ ይህን የሰማው ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ምላጩን ጉንጩ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ነው። የቆመው እህቱ ልብስ በምትሰፋበት ክፍል ውስጥ ነበር። መስታወቱን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፎ፣ የሞቀውን ውኃ ከጨርቅ ቁርጥራጩ መካከል አስቀምጦታል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከመስኮቱ ሥር የእናቱ የአትክልት ቦታ ይጀምራል፤ ዳሊያ፣ ዳሊያ፣ አሁንም ዳሊያ። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ እንደ ሳህን የሰፋ አለ፣ እንደ ካፖርት ቁልፍ ክብ ብሎ የቀረ አለ። ሚስቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሲባጎ ጥቅል ይዛለች። ታላቅ እህቱ መቀስ ይዛ አጠገቧ ተንበርክካለች። እናቱ ራቅ ብላ አጥሩ ጥግ ውኃ ታጠጣለች፤ ጆሮዋ ስለደከመ ካልጮኹላት አትሰማም።

እህቱ እሱ እዚያ እንዳለ ታውቃለች። ውኃውን ያሞቀችለት እሷ ናት። መስኮቱንም «ብርሃን ይግባልህ» ብላ የከፈተችለት እሷው ናት።

«እስኪ ሲባጎውን ወዲህ በይልኝ... እንዲህ ነው የሚታሰረው፣ ላላ አድርገሽ። ዳሊያ ተክለሽ አታውቂም? ቀላል ነው። ሥሩ ድንች ይመስላል። ትቀብሪዋለሽ፣ አጠገቡ እንጨት ትቸክይለታለሽ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። እንጨቱን ታዲያ አብረሽ ነው መቸከል፤ በኋላ አደርገዋለሁ ካልሽ ሥሩን ትወጊዋለሽ። እንጨት ለምን አስፈለገው በይኛ? ግንዱን እይው። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ መለሎ! ያየ ሰው፣ ይሄ ደግሞ ምን ይነቀንቀዋል ይላል። ስትቆርጪው ግን ውስጡ ባዶ ነው። ቧንቧ በይው። ሽታም የለውም። አያምርም አልወጣኝም እንግዲህ! ለዓይን ከሱ የሚደርስ የለም። ፎቶ ላይማ... ፎቶ ላይ እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ!»

ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆመ። «ፎቶ» የምትለዋን ቃል እህቱ ሆን ብላ ጎትታታለች።

ሐኪሙ የአጥንት ሐኪም ነው። በሰው ሸክም የመጡ ሰዎች ከእሱ እጅ በእግራቸው ይወጣሉ፤ በዚህም ስሙ የተጠራ ነው። ሚስቱን ያገኛት እዚያው ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ስትሠራ ነበር። ቤተሰቦቿ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ስለ እናቱ ሲጠይቁት፣ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠበች ሴት ናት ከማለት ይልቅ «አልጋ ላይ ናት፤ መነሳት አትችልም» አላቸው። አንዴ ከአፉ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሊመልሰው አልቻለም። ለእናቱና ለእህቱ ደግሞ «ሁለት ምስክር ይዘን መፈረም ብቻ ነው፤ ድግሱ ሌላ ጊዜ ይሆናል» አላቸው። ሰርጉ በሦስት መቶ እንግዳ ተደገሰ፤ አለፈም።

ስምንት ወር ሙሉ ሚስቱ «እማማን ልያቸው» ስትል እሱ አንዴ ዝናቡን፣ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ሥራውን ሲያመካኝ ኖረ። ሆዷ ገፋ ሲል ጊዜ እሷው ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ተነሳች። ባዶ እጇን አልመጣችም። መነሳት ለማትችለው አማቷ ዊልቸር ገዛች፤ አዲስ፣ ጎማው የሚያብረቀርቅ። አጣጥፎ መኪናው ውስጥ የከተተው እሱ ነው። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ መኪናውን አቀዝቅዞ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ሦስቴም የመኪናውን መስኮት ከፍ ዝቅ አድርጎ ተወው።

ትናንት ሲደርሱ በሩን የከፈተችላቸው እናቱ ነበረች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ፣ አካፋው ትከሻዋ ላይ። አካፋውን ወርውራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሚስቱ የዊልቸሩን እጀታ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እሱም ወደ ሚስቱ ዞሮ ጮክ ብሎ፣ «አሁንማ በጣም ተሽሏታል» አለ።

እናቱ ግራ ገብቷት አየችው። «ከምኑ?»

ስጦታውን ግን ወደደችው። ለአትክልቱ ሥራ የተገዛላት ጋሪ መስሏት ሁለት ከረጢት ፍግ ጫነችበትና «አቤት ሲገፋ መቅለሉ!» እያለች ወደ ጓሮ ነዳችው። ሚስቱ መጀመሪያ ሳቋ መጣባት። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ከዚያ እሱን አየችው።

እራት ላይ፣ የአልጋ ቁራኛዋን እናት ላጽናናበት ብላ ያመጣችውን የሰርጉን አልበም አወጣች። እህቱ ገጹን ቀስ እያለች ገለበጠች። አንዱ ፎቶ ላይ ከሙሽሮቹ ጎን አንድ ባዶ ወንበር ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ አንድ ትልቅ ባልዲ ሙሉ ዳሊያ። እናቱ ያንን ፎቶ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው።

«አበቦቹ መንገዱን ችለውታል» አለችና ሳህኖቹን ልታነሳ ተነሳች።

ሚስቱ አልገባትም። እሱ ገብቶታል። እህቱ እንደገባት ግን ያወቀው አሁን ነው።

«ብዙ ለፈለፍኩብሽ አይደል? ምን ላድርግ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀን ሙሉ አፌ ውስጥ ስፒል ስለሚውል፣ ስፒሉን ካወጣሁ ማን ያቆመኛል! ስፌት ቤት ደግሞ የማይሰማ የለም። አንዷ ቀሚሷን ልታሳጥር ትመጣና የሰው ታሪክ አስረዝማ ትሄዳለች። አንድ የሰማሁትን ላጫውትሽ? ስም አልጠራም። ስም መጥራት ነውር ነው... አንድ የተባረከ ልጅ አለ አሉ። እናቱን እንዴት እንደሚያከብር! ሌላው ልጅ ምን ያደርጋል? እናቱን ሰርጉ ላይ ጠርቶ ያደክማታል። ጫማው ይጠብባታል። ሰው ይጋፋታል። አማቶቹ 'ሥራዎ ምን ነበር?' እያሉ ያስጨንቋታል። ይሄኛው ግን አንጀቱ አልቻለም፤ ቤቷ አስቀራት። በእሷ ፈንታ ምን አስቀመጠ? ወንበር! አየሽ ብልሃት? ወንበር አይደክመው። እጁ በበረኪና አልተላጠ። 'ልጄን ያሳደግኩት አንሶላ አጥቤ ነው' ብሎ ሰው ፊት አያወራ። ቁጭ ብሎ መከበር ብቻ!»

የሚስቱ እጅ ሲባጎው ላይ ቆመ። አንሶላ የሚለውን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«ደግሞ በዚያ መች በቃው። በስምንት ወር ሁለት ወንበር! አንዱ ባዶ፣ አንዱ ባለ ጎማ። ስንቷ እናት ወልዳ አሳድጋ አንድ በርጩማ ሳታገኝ ትቀራለች... ሁለተኛውን እንኳ ሚስቱ ናት የገዛችው አሉ። እጇ ይባረክ። እሷ ምን ታድርግ? የነገሯትን አመነች። ማመንም ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ ይሰጣል።»

ሐኪሙ ምላጩን አስቀመጠ። ሊወጣ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ወጥቶ ምን ሊል ነው? «ስለ ማን ነው የምታወሪው?» ቢላት፣ ያን ጣፋጭ ፊቷን አዙራ «ስለ አንድ ሰው ነዋ፣ ወንድሜ፤ ታውቀዋለህ እንዴ?» እንደምትለው ያውቃል። ስሙ ሳይጠራ አቤት ካለ፣ በገዛ አፉ ራሱን መጥራቱ ነው። ያልተላጨው ግማሽ ፊቱ ላይ አረፋው እየደረቀ ያሳክከው ጀመር። መስታወቱ ፊት ተመልሶ ቆመ።

«ይህቺን እምቡጥ ታያለሽ? መሃል ላይ ያለችውን። ግራና ቀኟ ደግሞ ሁለት ትናንሾች አሉ። አበባው ትልቅ እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ ጎንና ጎኗ ያሉትን ትቀነጥቢያቸዋለሽ። እንዲህ... ቀጭ። አያማቸውም። ቢያማቸውስ ማን ጠየቃቸው! ጉልበቱ ሁሉ ወደ መሃለኛዋ ይሄዳል። አንዳንድ ቤትም እንደዚሁ ነው አሉ። አንዷ ከስምንተኛ ክፍል ትቀነጠብና መኪና ላይ ትወጣለች... የስፌት መኪናውን ነው የምልሽ፤ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቀውን አይደለም። መሃለኛው ይፈካል። ቅር የሚለኝ መስሎሽ ነው? ኧረ ምን በወጣኝ! አበባው ካማረ የተቀነጠበው የትኛው ነበር ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?»

ሚስቱ ለማገዝ ይሁን ለመሸሽ፣ መቀሱን ተቀብላ አንድ ራሱን የደፋ አበባ ልትቆርጥ እጇን ዘረጋች።

«አይ፣ አይ! እሱን አይደለም ሙሽራዬ፤ እሱ እምቡጥ ነው። ያለፈበት አበባ ሹል ነው፣ ስትጫኚው ለስለስ ይላል። እምቡጥ ግን ክብ ነው፣ ጠንከር ይላል። ይመሳሰላሉ፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይሳሳትም ይቆርጣል። ገና ያለችውን 'እሷማ አልቆላታል' ይልና... ያልኩሽ ልጅ እናትም ታማ ነበር አሉ። ከባድ ሕመም! የሚገርመው የት ጋ እንዳመማት እሷ ራሷ አታውቅም። የሚያውቀው ልጇ ብቻ ነው፤ የተማረ ስለሆነ። ሕመሙም ከተማ ብቻ ነው የነበረው፣ እሷ ሰፈር አልደረሰም። እዚያ አልጋ ላይ ሆና ስትማቅቅ፣ እዚህ ደግሞ የዳሊያ ሥር ስትቆፍር። ታውቂያለሽ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ግንዱ ይቆረጥና ሥሩ ይወጣል። ከዚያ አፈሩን አራግፎ፣ ጥላ ቦታ፣ ሰጋቱራ ውስጥ ማስተኛት ነው። ያን ሁሉ ሥር አንድ በአንድ አስተኛችው። አስተኛች እንጂ እሷስ መች ተኛች!»

ሳቀች። ብቻዋን ነበር የሳቀችው።

ሐኪሙ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። እናቱ ያንን ቀን ለማንም አልተናገረችም ብሎ ነበር እስከ ዛሬ ጠዋት የኖረው። ቢሳል፣ መስታወቱን ቢጥል፣ ሚስቱን በስሟ ቢጠራት... አንዱንም አላደረገም።

«ሥሩ ከመውጣቱ በፊት ግን አንዲት ቅዳሜ ነበረች። የመጨረሻው አበባ የነበረበት ጊዜ። ያቺ እናት፣ ልጄ ሊፈርም ነው ሲባል ሰማች። ፊርማ ብቻ፤ ሌላ ምንም የለም። ፊርማም ቢሆን ቤቱ ያለ አበባ አይሁን አለች። ጤዛው ሳይረግፍ ወጥታ ቆረጠችው። ዳሊያ ፀሐይ ከነካው በኋላ ከተቆረጠ አይበረክትም። ጫፉን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረሽ ታቆዪዋለሽ፤ ይህቺን ያዥያት፣ አበባውን አምስት ቀን ታቆይልሻለች። ባልዲ ሞላች። ቀዩን መሃል፣ ቢጫውን ዙሪያውን። ከዚያ የአልጋ ቁራኛዋ ባልዲዋን ታቅፋ አውቶቡስ ላይ ወጣች። አራት ሰዓት መንገድ፣ ባልዲው ጭኗ ላይ፣ ውኃው ቀሚሷ ላይ። እንዲህ ያለ በሽተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በሕክምና የማምነው ለዚህ ነው።

«ሥራ ቦታው ሄደች። ዘበኛው፣ ዛሬ የሉም፣ እዚያ አዳራሽ ናቸው አላት። እየጠየቀች አዳራሹ በር ላይ ደረሰች። አስጠራችው። ወጣ እኮ! አልወጣም የሚል ካለ ጠበቃው እኔ ነኝ። ሱፉን ለብሶ፣ እንዴት አምሮበት! 'ስብሰባ ነው እንዴ?' አለችው። ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ዋሸ ይባላል? አይባልም። ባልዲውን ተቀበላት፣ ግንባሯን ሳማት፣ 'እዚህ ቆይኝ፣ መጣሁ' አላት... ቆየችው። እንግዳው ሲገባ ሲወጣ መንገድ እየለቀቀች፣ የመኪና ጡሩምባ ሲነፋባት ወደ ግንቡ እየተጠጋች ቆየችው። የልጇን ቃል የምታከብር እናት! የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ነው የተሳፈረችው። ቤት ስትገባ ምን አለች መሰለሽ? 'ቸኩሎ ነበር፤ ደግሞ የሐኪሞች ስብሰባ ሙዚቃው እንዴት ደስ ይላል!'... ሐኪሞች አልኩ እንዴ? ምላስ ነው፤ እሷን ተያት።

«አበባውን ደግሞ አልጣለውም። እንዴት ይጥለዋል! ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በክብር አስቀመጠው። የት ነበር ያሉት... አይ፣ ይህን እንኳ አልነገሩኝም። አንቺ አይተሽ ይሆናል።»

ከመስኮቱ ሥር መቀሱ እንደገና ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር።

ሐኪሙ ያን ቀን ማይክሮፎን ይዞ የተናገረውን ቃል በቃል አስታወሰ። «እነዚህን አበቦች እናቴ ከአልጋዋ ሆና በሰው እጅ ልካልኛለች» ነበር ያለው። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። ሙሽሪት በቬሏ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። አማቱ ተነስተው አቀፉት። ንግግሩ ሲያልቅ እወጣለሁ ብሎ ነበር። ቀጥሎ፣ ኬኩ ሲቆረጥ አለ። ቀጥሎ፣ ሽማግሌዎቹ ሲሸኙ አለ። በመሃል አንዴ ከመጋረጃው ጎን ወደ ውጭ አየ፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ለአንድ መኪና መንገድ ስትለቅ አያት። በመጨረሻ ሲወጣ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ያኔ ቅልል ብሎት ነበር። እናቱ ሳትሰናበተው ስለሄደች ቅልል ብሎት፣ ተመልሶ ገብቶ ጨፍሯል።

በመስኮቱ ሲያይ ሚስቱ ተነስታለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በዳሊያዎቹ መካከል ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። እናቱ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት። እናቱ ፊቷ በራ። የውኃውን ጎማ መሬት ላይ ጣል አድርጋ በሁለት እጇ የባልዲውን ትልቅነት አሳየች። ከዚያ የአበባውን ቁመት። ከዚያ ቀሚሷን ከጭኗ ላይ ያዝ አድርጋ፣ ውኃው እንዴት እንዳራሳት እያሳየች ሳቀች። አንዲት ክፉ ቃል እንዳልተናገረች ከሩቅ ያስታውቃል። እንዲያውም ትንሽ ቆይታ ሁለት እጇን ከትከሻዋ ወደ ታች አወረደች፤ ሱፉ እንዴት እንዳማረበት ለሚስቱ እየነገረቻት ነበር።

ሚስቱ የእናቱን እጅ ያዘች። መዳፉን ገልብጣ ብዙ አየችው። ውኃው መንገዱ ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ ማንም አልዘጋውም።

ሐኪሙ ፊቱን በፎጣ ጠራርጎ ወጣ። ግማሽ ጢሙ የተላጨ፣ ግማሹ ያልተላጨ ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሚስቱ በአጠገቡ አልፋ ወደ መኪናው ሄደች። ለመመለስ ጠዋት ከጫኑት ዕቃ የራሷን ሻንጣ ብቻ አወጣች። የሱን እዚያው ተወችው። ሻንጣውን እየጎተተች ተመልሳ ገባችና እናቱ በምትተኛበት ክፍል አስቀመጠችው። የመኪናውን ቁልፍ ስትወጣ መዳፉ ላይ አደረገችለት። እሱ ነገ ጠዋት ሥራ ይገባል፤ ዛሬ መመለስ አለበት። እሷ ፈቃዷ ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያስ በኋላ? ሊጠይቃት ፈለገ። እሷ ግን ወደ አትክልቱ ተመልሳ ነበር።

ወደ እናቱ ሄዶ እግሯ ላይ ቢወድቅ፣ እናቱ ከሁሉ በፊት ምን ሆንክ ብላ እንደምትደነግጥ፣ ቀጥላም ጢምህን ጨርስ እንደምትለው አወቀ። ይቅር የምትለው በደል እንዳለ እንኳ አታውቅም፤ ወይም አውቃ አላውቅም ብላለች። የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃተው። ቁልፉን እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ።

እህቱ ከተንበረከከችበት ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች፤ መቀሱን ኪሷ ከተተች። ወደ እሱ ዘወር አላለችም። ሚስቱን በርጩማው ላይ መልሳ አስቀመጠቻት። ዛሬ ከቆረጠቻቸው ሁሉ ትልቁን ቀይ ዳሊያ መርጣ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ድምፅዋ ማር ሆነ።

«ይኸው ከጠዋት ጀምሬ አደከምኩሽ። አሁን ደግሞ ልመርቅሽና ልተውሽ፣ የኔ ሙሽራ። ፈጣሪ በሰላም ያላቅቅሽ። ወንድ ልጅ ይስጥሽ። መልኩም፣ ጭንቅላቱም፣ ልቡም ቁርጥ አባቱን ይሁን። ተምሮ ትልቅ ሰው ይሁን፤ ስሙ ይጠራ፤ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ይግባ። አባቱንም ረጅም ዕድሜ ይስጥልሽ። ፀጉሩ ሸብቶ፣ እጁ ተንቀጥቅጦ፣ የልጁን የደስታ ቀን ቆሞ እስኪያይ ያቆይልሽ... ያን ጊዜ ያ ልጅ፣ አባቱ ለእናቱ የሆነላትን ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድል፣ ለአባቱ ይሁንለት።

«ምነው... አሜን አይባልም እንዴ?»